አረፋ የሚደፍቀው ጨቅላ፦ በአየርና በምግብ ቧንቧ መካከል ስለሚፈጠር ያልተገባ መገናኛ

(ሞያሌ፣ ኬንያ ላይ ለጤና ባለሙያዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ አንድ የተፈጥሮ ጉድለት ነው። የምግብ ቧንቧው መሐል ላይ ተቋርጦ፣ የታችኛው ጫፍ ከአየር ቧንቧው ጋር ተጣብቆ ስለሚወለድ ሕፃን ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ቆጠራዎች እንደሚያሳዩት በሕይወት ከሚወለዱ ከ2,500 እስከ 4,500 ሕፃናት አንዱ ይህ ጉድለት አለበት። በትንሽ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ በሥራ ዘመኗ አንዴ ወይም ሁለቴ ብታገኘው ነው። የሚያመልጠንም በዚሁ ምክንያት ነው። አሥር ጊዜ ያየነውን አንረሳም፤ አንዴ የሚመጣውን ግን ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ከሌለ ሳይታወቅ ይመጣል፣ ሳይታወቅም ይቀበራል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቀዶ ሕክምናው ከእኛ ሩቅ ነው፤ ይህን አንክድም። ምርመራው ግን ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቱቦና አንድ ደቂቃ ይበቁታል። እነዚህ ሕፃናት ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የሚሞቱት መንገዱ ከመጀመሩ በፊት በባከነው ሰዓትና በዚያ ሰዓት ወደ ሳንባቸው በገባው ወተት ነው።

ጉድለቱ የሚፈጠረው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በፅንሱ አራተኛ ሳምንት ገደማ ከጉሮሮ በታች ያለው አንድ ቧንቧ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊት ያለው ከሳንባ ጋር የአየር ቧንቧ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው የምግብ ቧንቧ ይሆናል። ይህ መለያየት ሲዛነፍ ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ። አራተኛው ሳምንት ማለት ደግሞ ብዙዋ እናት ማርገዟን ያላወቀችበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ በልታችሁት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ተሸክማችሁት የነበረ እንስራ ወይም የውሃ ጀሪካንም አላመጣውም። የሰው ዓይንም፣ ሾተላይም፣ እርግማንም አይደለም። አንዲት ወላድ ልጇ ታሞ እያየች በዚያ ላይ የጥፋተኝነት ሸክም እንድትሸከም ማድረግ ግፍ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ይህን በየመንደሩ እንዲናገሩልን አደራ እላለሁ።

መልኩ የተለያየ ነው። ከ100ው 85 ያህሉ ላይ የላይኛው የምግብ ቧንቧ ደረት ውስጥ ሲደርስ እንደ ከረጢት ተዘግቶ ይቀራል፤ የታችኛው ከአየር ቧንቧ ይነሣና ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ስምንት በመቶ ገደማ የሚሆኑት ላይ ቧንቧው ተቋርጧል እንጂ ከአየር ቧንቧ ጋር አልተያያዘም። አራት በመቶ ገደማ ላይ ደግሞ ሁለቱም ቧንቧዎች ሙሉ ሆነው በመካከላቸው ቀጭን ቀዳዳ ብቻ አለ። የቀሩት ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያውን፣ ዋነኛውን ዓይነት አስቡት። የመጠጥ ውሃና የፍሳሽ ቱቦ በስህተት የተያያዙበት ቤት እንደማለት ነው። ሕፃኑ የዋጠው ምራቅ የሚሄድበት የለውም፤ ከረጢቱ ሲሞላ ተመልሶ በአፍ ይወጣል፣ የቀረው ወደ አየር ቧንቧ ይፈስሳል። በሌላ በኩል ሲያለቅስ አየሩ በታችኛው መገናኛ ወደ ጨጓራ ይገባና ሆዱን ይነፋዋል። ሆዱ ሲነፋ የጨጓራው አሲድ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ተገፍቶ ሳንባውን ያቃጥላል። ከምራቁ ይልቅ ይህ አሲድ የከፋ ነው። ብዙ ባለሙያ የሚፈራው ከላይ የሚወርደውን ነው፤ ከታች የሚወጣውን ግን ይበልጥ እንፍራ።

ምልክቱ ከልደት በፊት ሊጀምር ይችላል። ፅንስ የእንሽርት ውሃ ይውጣል፤ መዋጥ ያልቻለ ፅንስ ያለባት እናት ውሃዋ ይበዛል። ሆዷ ከእርግዝናዋ ወር በላይ የገፋ፣ በአልትራሳውንድ ውሃዋ በዝቷል የተባለች እናት ስትወልድ ቱቦው አጠገባችሁ ይሁን። ከተወለደ በኋላ ያለው ምልክት ደግሞ ዓይን የሚስብ ነው፦ ሕፃኑ አረፋ ይደፍቃል። ትጠርጉታላችሁ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይሞላል። ጡት ሲሰጠው ትን ይለዋል፣ ያስላል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ ስለ ባህላችን ትንሽ ልናገር። በአካባቢያችንም ሆነ በኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ጡት እምቢ ያለ፣ የሚያስልና ትን የሚለው ሕፃን ሲታይ ቀድሞ የሚጠረጠረው እንጥል ነው። እንጥል ቆራጭ ይጠራል። የተቋረጠ ቧንቧ ላለበት ሕፃን እንጥል መቁረጥ ደም መፍሰስና ቁስል ይጨምርለታል እንጂ ምንም አይፈይድለትም፤ የሚተርፍበትን አንድ ቀንም ይበላበታል። ለጨቅላ ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውሃ መስጠት፣ የግመል ወይም የፍየል ወተት ማቅመስ ለጤነኛውም ሕፃን አይመከርም፤ ለዚህኛው ግን የቀጥታ አደጋ ነው። ቅባት ያለው ነገር ሳንባ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ለሙስሊም ወገኖቼም በአክብሮት አንድ ቃል አለኝ። ተምር አለስልሶ የጨቅላውን ላንቃ ማስነካት የተወደደ ሱና መሆኑን አውቃለሁ። ሕፃኑ አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ ግን ባለሙያ እስኪያየው ቆዩ፤ ሕይወትን ማዳን ከሁሉ እንደሚቀድም ሼሆቻችን ከእኔ በተሻለ ያስተምሯችኋል።

ይህን ስል ጤነኛ ሕፃን ጡት ይዘግይበት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ጤነኛው በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፤ እኔ የማወራው ምልክት ስላየንበት ሕፃን ብቻ ነው። «እስቲ ትንሽ ንጹሕ ውሃ እንስጠውና እንየው» የሚለውን የቆየ ልማድ ደግሞ ፈጽሞ አልቀበለውም። የምንፈትነው በሳንባው ነውና።

አሁን ወደ ቱቦው። ባልደረቦቼ፣ ይህን ክፍል በጥሞና ተከታተሉልኝ።

ጊዜው ለደረሰ ሕፃን ቁጥር 10፣ ላልደረሰ ቁጥር 8 ኤንጂ ቲዩብ (የጨጓራ ቱቦ) ውሰዱ። በአፍ በኩል፣ በመሐል መስመር፣ በቀስታ አስገቡት። ጤነኛ ሕፃን ላይ ቱቦው ያለ ምንም እንቅፋት ጨጓራ ይደርሳል። እዚህ ግን ከድዱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ይቆማል። ጣታችሁ ያውቀዋል፤ ወደፊት አይሄድላችሁም፣ ለስላሳ ግድግዳ ነክታችሁ እንደቆማችሁ ይሰማችኋል። አትግፉ። በቱቦው ላይ ያለውን ምልክት አንብባችሁ ጻፉት። በሲሪንጅ ስትስቡት የሚመጣው አረፋማ ምራቅ እንጂ የጨጓራ ፈሳሽ አይደለም።

ወጥመዱ ያለው ቀጭን ቱቦ ላይ ነው። ቁጥር 5 ወይም 6 የሆነው፣ ለመመገቢያ የምንጠቀምበት ለስላሳ ቱቦ ከረጢቱ ውስጥ ይጠመዘዝና እየገባ ያለ ይመስላል። አዋላጇ 20 ሴንቲ ሜትር አስገብታ «ገብቷል» ብላ ትጽፋለች፤ ቱቦው ግን ከደረት በላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ስለዚህ ጠንከር ያለውንና ወፈር ያለውን ምረጡ። አየር ነፍቶ ሆድ ላይ በማዳመጥ ብቻም አትተማመኑ፤ ድምፁ ከደረት ወደ ሆድ ይሻገራል።

ራጅ ካለ ቱቦው እንዳለ ሆኖ ደረትና ሆድ በአንድ ፊልም ይነሣ። ፊልሙ ላይ ሁለት ነገር ትፈልጋላችሁ። አንደኛው የተጠማዘዘው ወይም የቆመው የቱቦ ጫፍ ነው፤ በአከርካሪው ላይኛ ክፍል ትክክል ይታያል። ሁለተኛው የሆድ አየር ነው። ሆድ ውስጥ አየር ካለ የታችኛው ጫፍ ከአየር ቧንቧ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ሆዱ አየር ከሌለውና ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ ቧንቧው ተቋርጧል፣ ከታች ግን መገናኛ የለም፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ብዙውን ጊዜ ይራራቃሉ፣ ሥራውም ይከብዳል። ለራጅ የሚጠጣውን ባሪየም አትስጡ። አየሩ ራሱ የሚነግረን በቂ ነው። ራጁ ካልሠራ ደግሞ ራጅ ፍለጋ አትጠብቁ፤ ቱቦው 10 ላይ ከቆመ ለሪፈር በቂ ምክንያት አላችሁ።

ከዚያ መላ ሰውነቱን እዩ። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሌላም ጉድለት አለባቸው፦ የልብ፣ የኩላሊት፣ የአከርካሪ፣ የፊንጢጣ አለመከፈት፣ የአውራ ጣትና የክንድ አጥንት ጉድለት። ፊንጢጣውን ሳታዩ ሪፈር የምትጽፉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተመለሱና እዩ።

ይህ ጉድለት ቀዶ ሕክምና ከማግኘቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ ኖሯል። እንግሊዛዊው ቶማስ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1697 ዋነኛውን ዓይነት በግልጽ ጽፎታል። ከአየር ቧንቧ ጋር ከተያያዘው ዓይነት በደረጃ በተሠራ ቀዶ ሕክምና የተረፉት የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ግን የተገኙት በ1939 በአሜሪካ ነው። በ1941 ካሜሮን ሃይት የተባለው የሚሺጋን ሐኪም ሁለቱን ጫፎች በአንድ ቀዶ ሕክምና አገናኝቶ አንዲት ሕፃን አተረፈ። ሕፃኗ በዚያን ጊዜ የ12 ቀን ልጅ ነበረች። ይህን የምነግራችሁ ዘግይቶ የደረሰ ሕፃን አይታችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ ነው።

ዛሬ ሀብታም አገር የተወለደ፣ ክብደቱ ደህና የሆነና ልቡ ጤነኛ ሕፃን ይድናል ብሎ መናገር ይቻላል። የለንደኑ ሐኪም ሉዊስ ስፒትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ከ1,500 ግራም በላይ የሆኑና ከባድ የልብ ጉድለት የሌለባቸው ከ100ው 97ቱ ተርፈዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። በ2021 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ በ74 አገሮች የሚገኙ 264 ሆስፒታሎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ጨምሮ ሰባት የሆድና የምግብ መንገድ የተፈጥሮ ጉድለቶችን መርምሯል። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከ100 ሕፃናት 40 ያህሉ፣ በመካከለኛ ገቢ አገሮች 20 ያህሉ፣ በሀብታሞቹ ግን ከ6 ያነሱ ሞተዋል። ሕፃናቱ የተወለዱት ከአንድ ዓይነት ጉድለት ጋር ነው። የለያቸው የተወለዱበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ቦታችንን እንመልከት። ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ከሁለት ዋና ከተሞች እኩል የራቀች ከተማ ማለት ነው። ወደ ደቡብ ቱርቢን፣ ዲዳ ጋልጋሉን፣ ማርሳቢትን፣ ኢሲኦሎን አልፈን ናይሮቢ እንገባለን፤ ወደ ሰሜን ሜጋን፣ ያቤሎን፣ ቡሌ ሆራን፣ ዲላንና ሐዋሳን አልፈን አዲስ አበባ እንደርሳለን። የኢሲኦሎ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት በጭነት መኪና ቀናት ይፈጅ እንደነበር የምታውቁ እዚህ አላችሁ። ዛሬ በአንድ ቀን ይገባል። ይህ ለእነዚህ ሕፃናት ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በሚገባ የተያዘ ሕፃን አንድ ቀን መታገስ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው የደቂቃ ጥድፊያ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ሳንባው ሳይበላሽ መድረስን ነው።

ሕፃኑ ከመንገድ በፊት ምን ይደረግለት? በአፍ ምንም አይግባ፤ ጡትም፣ ውሃም፣ የሚዋጥ መድኃኒትም። ራሱንና ደረቱን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት፤ አሲዱ እንዳይወጣ ነው። የደም ሥር ተከፍቶለት 10 በመቶ ግሉኮስ ይጀመር፣ ቫይታሚን ኬ ይወጋ፣ አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን ይሰጠው። ኦክስጅን ካስፈለገው በአፍንጫ ቀስ ብሎ ይሰጥ። በአምቡ ባግ መንፋትን በተመለከተ በሚገባ እንግባባ፦ ሲወለድ ያልተነፈሰን ሕፃን ንፉ፣ ያለ እሱ ይሞታልና። የሚተነፍሰውን ግን አትንፉ፤ አየሩ በመገናኛው ወደ ጨጓራ ገብቶ ሆዱን ይወጥረዋል፣ ሳንባውን ከታች ይጫነዋል፣ ጨጓራም ሊፈነዳ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምራቁን መምጠጥ ነው። በላይኛው ከረጢት ውስጥ ያለው ቱቦ በፕላስተር ይያዝና በየ10 ደቂቃው በሲሪንጅ ወይም በሳክሽን ይሳብ። የኤሌክትሪክ ሳክሽን የሌለው አምቡላንስ ለዚህ ሰበብ አይሆንም፤ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሠራል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፦ የ12 ሰዓት ጉዞ በየ10 ደቂቃው ሲመጠጥ 72 ጊዜ ነው። ከሕፃኑ ጋር የምትሄደው ነርስ 72 ጊዜ ሲሪንጅ ትስባለች። ማርሳቢት ላይ ሻይ ሲጠጣ አንድ ሰው መሳቡን መቀጠል አለበት። ለዚህ ነው ሁለተኛ ሰው፣ አባትም ይሁን አክስት፣ ከመነሣታችሁ በፊት መሰልጠን ያለበት። አባቶች ይህን ሥራ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ሰዓትም አይስቱም።

ብርዱንም አትርሱ። ሞያሌ ሲነሡ ሞቅ ያለ ይሆናል፤ ማርሳቢት ተራራ ላይ ወይም ሜጋ ላይ ሌሊት ግን ብርድ ነው። የቀዘቀዘ ጨቅላ ሳንባው ደህና ቢሆንም ይሞታል። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ የእናት ገላ። ቱቦው ተይዞ፣ ራሱ ከፍ ብሎ፣ በእናቱ ደረት ላይ ሊጓዝ ይችላል። እናቱን ትታችሁ አትሂዱ። ወተቷን እያለበች ታቆየዋለች፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያድነው እሱ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ወደ ደቡብ ከሆነ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል አለ፤ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ ባለችው ኪጃቤም ቤተኒኪድስ የተባለ ድርጅት ከሚሽን ሆስፒታሉ ጋር ሆኖ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበትና ሐኪሞች የሚያሰለጥንበት ቦታ አለ። ወደ ሰሜን ከሆነ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የኢትዮጵያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች የሰለጠኑበት ቤት ነው። የሁለቱም አገር ቀዶ ሐኪሞች በአንድ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ጥላ ሥር ናቸው፤ ይተዋወቃሉ። አልጋና የመተንፈሻ መሣሪያ መኖሩን ሳታረጋግጡ የተላከ ሕፃን በር ላይ ይጠብቃል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ባጭሩ፦ ሐኪሙ በቀኝ ጎን በጎድን አጥንቶች መካከል ይገባል፣ መገናኛውን ከአየር ቧንቧው ቆርጦ ይዘጋል፣ ሁለቱን የምግብ ቧንቧ ጫፎች ይሰፋል። በስፌቱ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ይቀመጥለትና የእናቱ ወተት በዚያ ይጀመራል። ጫፎቹ ከተራራቁ መጀመሪያ ሆዱ ላይ የመመገቢያ ቀዳዳ ተከፍቶ ከወራት በኋላ ይገናኛሉ ወይም ቧንቧው በአንጀት ይተካል። ከስፌቱ ማፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና የሰመመን ችግር ይከሰታሉ። የሚያስፈራው የሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን የሚጠብቅ ነርስና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማጣትም ነው።

ሰው የሚዘነጋው የተመለሰውን ልጅ ነው። ልጁ ሞያሌ ሲመለስ ደስታ ይሆናል፣ ይታረዳል፣ ይመረቃል። ከወራት በኋላ ስፌቱ ያለበት ቦታ ይጠባል፤ ይህ ከሦስት ሕፃናት አንዱን ወይም ከዚያ በላይ የሚገጥም ነው። ወተት ይወርድለታል፣ ጠንካራ ምግብ ሲጀምር ግን ይቆምበታል። አንድ ቁራጭ ሥጋ ቧንቧው ውስጥ ተሰክቶ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ማስፋት ይቻላል፣ ግን ተመልሶ መሄድ አለበት፤ አንዳንዴ ደጋግሞ። ለመጀመሪያው ጉዞ ከብት የሸጠ ቤተሰብ ለሦስተኛው ከየት ያምጣ? ልጆቻችን ቀዶ ሕክምናውን አሸንፈው በዚህ ይጠፋሉ። ሳላቸው ደግሞ ለዓመታት እንደ ውሻ ጩኸት ጎርናና ሊሆን ይችላል፤ የአየር ቧንቧቸው ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ ነው። መምህራን ይህን ሲሰሙ ልጁን ከክፍል እንዳያስወጡ ልንነግራቸው ይገባል። ምግብ ሲያቅተው፣ ደጋግሞ የሳንባ ምች ሲይዘው፣ የተዘጋው መገናኛ ተመልሶ ሊከፈት እንደሚችልም አስቡ።

ቱቦው በትክክል የገባላቸው ግን ችግሩ ያለባቸውንም አንርሳ፤ ቀደም ብዬ አራት በመቶ ያልኳቸውን። ጡት በጠቡ ቁጥር ያስላሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ በዓመት ብዙ ጊዜ «ምች» ተብሎ መርፌ ይወጋሉ። ቲቢ ተብለውም መድኃኒት የሚጀመርላቸው አሉ። ሳሉ ሁልጊዜ ከመዋጥ ጋር የሚመጣ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። በጨጓራ ቱቦ ሲመገብ ሳሉ ከቆመ፣ በአፍ ሲመገብ ከተመለሰ፣ ያ ራሱ ከባድ ፍንጭ ነው።

መገናኛው ከልደት በኋላም ይፈጠራል። የመጀመሪያው ምክንያት በገበያችን የሞላው ክብ ባትሪ ነው፦ ከአሻንጉሊት፣ ከሪሞት፣ ከትንሽ የእጅ መብራት የሚወጣው። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሊቲየም ባትሪ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተሰካ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከወጣ በኋላም ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ግድግዳው ተበልቶ ወደ አየር ቧንቧ ሊከፈት ይችላል። ራጅ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ግን ድርብ ሆኖ ይታያል። አታስታውኩት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነና ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ያልሞላው ልጅ መዋጥ ከቻለ ወደ ሆስፒታል እየተወሰደ ሳለ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ይሰጠው፤ ማሩ ግን ጉዞውን አንዲት ደቂቃም አያዘግይ።

ሁለተኛው የአዋቂዎቹ ነው። ከኢትዮጵያ አርሲና ባሌ ጀምሮ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ ቀጣና የምግብ ቧንቧ ካንሰር የበዛበት ነው። ካንሰሩ ወደ አየር ቧንቧ ሲቦረቡር ሕመምተኛው ውሃ በተጎነጨ ቁጥር ትን ይለዋል። ያን ጊዜ በመሸፈኛ የተለበጠ የብረት መረብ ቱቦ ቧንቧው ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን ይሸፍናል፤ አይፈውስም፣ ግን መብላትና መተንፈስ ያስችላል። በቦሜት የሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል በዚህ ሥራ ልምድ ያካበተ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ለካንሰር ሳያጋልጡ አይቀሩም ከተባሉት ተርታ መድቦታል። ሻያችሁን ትንሽ አብርዱ። ምግብ እየተቀረቀረበት በሻይ የሚያወርድ አባት ካላችሁ አሁኑኑ አምጡት፤ ትን እስኪለው አትጠብቁ።

ሩቅ ሕክምናን ማቅረብ እንደሚቻል በዚሁ አካባቢ ታይቷል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጡ፣ በ1974 ለወሊድ ፊስቱላ ብቻ የቆመ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በኋላም በአምስት የክልል ከተሞች ማዕከላት ተሠሩ። አንዱ ይርጋለም ነው፣ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር። ለእናቶች የተደረገው ለጨቅላዎች የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገር መሪዎች እዚህ ሞያሌ የጋራ ድንበር ኬላ መርቀዋል፤ የጭነት መኪና ሰነዱን አንድ ቦታ ጨርሶ እንዲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በወዲያኛው፣ በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደዚህ ሲሸሹ ይህች ከተማ መታወቂያ ሳትጠይቅ ተቀብላለች። ቱቦ 10 ላይ የቆመበት ጨቅላም እንዲሁ ይለፍ። ከዚያ ማዶ የተወለደው ወደ ናይሮቢ የሚሄድ መኪና ቀድሞ ከተገኘለት ወደዚያ ይሂድ፤ ከዚህ የተወለደውም አዲስ አበባ አልጋ ካለው ወደዚያ ይሂድ። ለአስተዳዳሪዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የሁለቱ ሞያሌ ሆስፒታሎች የሚቀባበሉበት አንድ የሪፈር ወረቀትና ቀን ከሌት የሚነሣ አንድ ስልክ ይኑራቸው።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ ደግሞ ትንሽ ነገር እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ በማዋለጃ ክፍላችሁ ቁጥር 10 እና ቁጥር 8 ቱቦ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ በዚያው ቀን ጠይቁ። ግድግዳው ላይ «አረፋ የሚደፍቅ ሕፃን ቱቦ ሳይገባለት ምንም አይቅመስ» ብላችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በስዋሂሊ ጻፉ። ለመንደር ጤና አስተዋዋቂዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ ለልማድ አዋላጆችም ንገሩ። እናቶች፣ እናንተም አረፋውን ካያችሁ እንጥል ቆራጭ ሳትጠሩ፣ ጎረቤት ሳታማክሩ፣ ሕፃኑን አቅፋችሁ ኑ።